አራተኛው ዓምድ

በዚያ ዓመት፣ በሰባ ስምንት ማለት ነው፣ አዋሳ ውስጥ ጊዜ የተረፈው ሰው አልነበረም። ማክሰኞ የውይይት ክበብ ነው። ሐሙስ የማኅበር ስብሰባ ነው። ቅዳሜ ልማት፣ እሁድ ቀበሌ። ለቅሶ የሚደርስ ሰው እንኳ ሰዓቱን እያየ ነበር የሚያለቅሰው። መምህር ሸዋንግዛው ይህን ሁሉ እየተሰበሰበ፣ ጠዋት አሥራ አንደኛ ክፍልን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍልን ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ በየአሥር ቀኑም የቀበሌውን የጥበቃ ተራ ይወጣል።

ዕድሜው አርባ አንድ ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ሲመጣ ለሁለት ዓመት ብሎ ነበር፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ። ጠዋት ሲነሳ ይደክመዋል፤ ማታም ድካሙ ቀድሞት ነው አልጋው ላይ የሚወጣው። ሚስቱ ካሰች "አንተ ሰውዬ፣ ቆሞ መተኛት ከፈረስ ነው የተማርከው?" ትለዋለች። እውነቷን ስለሆነ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

ነገሩ የጀመረው በወላጆች አቤቱታ ነው። ሰኞ ሰኞ ሰባት መምህር ሰባት የቤት ሥራ ይሰጣል፤ ማክሰኞ አንድም የለም፤ አርብ ደግሞ እንደገና መዓት ነው። ልጆቹ ግማሹን ይገለብጣሉ፣ ግማሹን ይተዉታል፣ ሁለቱንም ያልቻለ ታመምኩ ይላል። ዳይሬክተሩ አቶ ሙሉጌታ መምህራኑን ሰበሰበና "የቤት ሥራ ፕሮግራም ይውጣ፤ የትኛው ትምህርት በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ ይወሰን" አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ደግሞ እንደ ሰው ልጅ ነው፤ ሁሉም ይስመዋል፣ የሚያዝለው ይጠፋል።

ስብሰባው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የሒሳቡ መምህር ካሳሁን "ሒሳብ በየቀኑ ካልተሠራ ይዝጋል" አለና ሰኞን ከነማክሰኞው ያዘ። የፖለቲካ ትምህርቱ መምህር ረቡዕን ጠየቀ፤ ለእሱ እምቢ የሚል ስላልነበረ ተሰጠው። እንግሊዝኛና ፊዚክስ ሐሙስ ላይ ተጣሉ። ሸዋንግዛው ከኋላ ተቀምጦ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ ሲሰማ ቆይቶ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አፉን ከፈተ።

"እስቲ መጀመሪያ ልጆቹ ስንት ሰዓት እንዳላቸው እንወቅ" አለ። "የሌለ ዳቦ ነው እኮ የምንቆርሰው።"

ከዚያ አቶ ሙሉጌታ እጁን አጨበጨበ። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ መናገር የሚያስከትለውን ሸዋንግዛው አጥቶት ነው እንዴ? የተናገረ ይሠራዋል። ቃለ ጉባኤው ላይ "መምህር ሸዋንግዛው ጥናቱን አካሂዶ ፕሮግራሙን ያዘጋጃል" ተብሎ ሰፈረ፤ ሌሎቹ ወንበራቸውን እያንኳኩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ሸዋንግዛው አሥራ አንደኛ ለ ክፍል ገባ። ስልሳ ስምንት ተማሪ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆነው የሚቀመጡበት ዴስክ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። "የግል ፕሮጀክት ልሰጣችሁ ነው" አላቸው። "በቡድን አይሠራም፣ አይገለበጥም። ርእሱ 'የአንድ ሳምንት ሰዓቴ' ነው። ከሰኞ እስከ እሁድ፣ ከንጋት እስከ መኝታ፣ እያንዳንዷን ሰዓት ምን እንደሠራችሁባት ትጽፋላችሁ። ከመቶው ሃያ ማርክ ይይዛል።"

ከዚያ ጠመኔ አነሳና ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ አሰመረ። አላሰበበትም። እጁ ነው ያሰመረው። አራት ዓምድ ሠራ፦ ሰዓት፣ ሥራ፣ ቦታ፣ ከማን ጋር። በየአሥር ቀኑ የጥበቃ ተራ ሲወጣ ቀበሌው በር ላይ የሚሞላው መዝገብ ልክ እንደዚያ ነው፤ በስንት ሰዓት፣ ምን ሊሠራ፣ ወዴት፣ ከማን ጋር። ስምንት ዓመት ሙሉ ያን መዝገብ ሲሞላ የኖረ ሰው ሌላ ዓይነት ሰንጠረዥ ከየት ያመጣል? ብቻ "ከማን ጋር" የሚለውን ሲጽፍ ለራሱ ምክንያት ሰጠው፦ በቡድን የሚያጠኑትን ለማወቅ ይጠቅማል አለ።

"ቲቸር፣ ሽንት ቤትም ይጻፋል?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ይጻፋል። ከማን ጋር እንደሄድክ ካላስረዳህ ግን ዜሮ ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሸዋንግዛውም ብዙ ጊዜ ያልመጣለት ሳቅ መጣለትና ሳቀ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ "እውነቱን ጻፉ" አላቸው። "ባዶ መስመር ካገኘሁ ዜሮ ነው።"

ስልሳ ስምንቱ ደብተር በሳምንቱ ሰኞ ጠረጴዛው ላይ ተቆለለ። አሁን ይህን የምናገረው ሰውየውን ለማማት አይደለም፤ በዚያ ትምህርት ቤት ደብተር ቁጭ ብሎ የሚያነብ መምህር ቢኖር ሙዚየም ይገባ ነበር። ሸዋንግዛው እንደ ሁሉም ሰው አደረገ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ፣ መጨረሻውን ገለጠ፣ መሀሉን በአውራ ጣቱ አፈሰሰው፣ በቀይ እስክሪብቶ "ታይቷል" ብሎ ፈረመ። ዝርዝሩን ሰዓት ሲደምር ያየዋል፤ እስከዚያ እዳው ገብስ ነው።

በዚያው ቀን አቶ ሙሉጌታ ጠራው። የትምህርት ሳምንት ኤግዚቢሽን አርብ ይከፈታል፤ የከተማው የርእዮተ ዓለም ኃላፊ ጓድ ጉልላት ይመጣል፤ የወጣቱን የጊዜ አጠቃቀም የሚያሳይ ጥናት ትምህርት ቤቱ አለው መባሉን ሰምቶ በጣም ደስ ብሎታል። "ሦስት ምርጥ ደብተር ስጠኝ" አለው ዳይሬክተሩ። ሸዋንግዛው ከክምሩ ውስጥ ሽፋናቸው ያማረውን ሦስት መረጠና ስማቸውን አስመዘገበ። አንደኛው በሲሚንቶ ወረቀት የተለበጠ፣ በቀይ የተሰመረ፣ ፊደሉ የተለቀመ ጤፍ የሚመስል ደብተር ነበር፤ የታቢታ ታምሩ። ጸሐፊዋ ዘነበች ስማቸውን በስቴንስል መታችው፣ ተባዛ፣ አንዱ ቅጂ ወደ ጓድ ጉልላት ቢሮ ሄደ። ደብተሮቹን ግን ሸዋንግዛው ለሰዓት ድምሩ ስለሚፈልጋቸው እስከ አርብ እሱ ጋ ይቆዩ ተባለ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ክፍለ ጊዜ አልነበረውም። መምህራን ማረፊያ ገብቶ የታቢታን ደብተር ከፈተ፤ ወረቀት አጠገቡ አድርጎ የጥናት ሰዓቷን መደመር ጀመረ። ሰኞ አርባ ደቂቃ። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

"ከ11 እስከ 1 ሰዓት። ጸሎት። ጋሽ ደበሌ ቤት፣ ከጓሮ ባለው ክፍል። ከአባቴ ከታምሩ ሎቃ፣ ከእናቴ፣ ከጋሽ ደበሌ፣ ከትዕግሥት…"

ከዚያ ስም ይቀጥላል። ልጅቷ ጠንቃቃ ስለሆነች የእያንዳንዱን ሰው ከነአባቱ ስም ጽፋዋለች። ቆጠረ፤ አሥራ አንድ ናቸው። እሁድ ጠዋትም እንደዚያው፣ እነዚያው አሥራ አንድ ሰዎች፣ ያው ቤት። ከታች ደግሞ በራሱ እጅ፣ በቀይ፣ "ታይቷል" ተብሎ ተፈርሟል።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። በእነ ሸዋንግዛው ዘመን ብቅሉም አላስፈለገ፤ ቅጽ ይበቃ ነበር። የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ተደብቀው እንደሚሰበሰቡ ከተማው በሙሉ ይጠረጥራል፤ የት፣ መቼ፣ እነማን የሚለውን ግን የሚያውቅ አልነበረም። አሁን በሰዓት፣ በቦታና በስም ተጽፎ ለኤግዚቢሽን ተመርጧል። ሸዋንግዛው የወረወረው መረብ መሆኑን ሳያውቅ አሥራ አንድ ሰው ይዞ ተገኘ።

ለጴንጤ ነገር ደንታ ያለው ሰው እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም አይወዳቸውም ነበር፤ በጾም ቀን ሥጋ መብላታቸው ያበሽቀዋል፣ መዝሙራቸው ይሰለቸዋል። የታቢታን አባት ግን ያውቀዋል። ታምሩ አናጢ ነው፣ ቤተሰቡን ይዞ ከአለታ ወንዶ የመጣ፣ የሸዋንግዛውን የመጽሐፍ መደርደሪያ የሠራው እሱ ነው። ጸሎት ቤቱ የታሸገ ጊዜ አራት ወር ታስሮ ሲወጣ ግራ እጁ መዶሻ መጨበጥ አቅቶት ነበር። ሁለተኛ ቢገባ እንደማይወጣ ማንም ያውቃል።

መጀመሪያ ወደ ዳይሬክተሩ ሄደ። "ከሦስቱ አንዷን ልቀይራት ነበር" አለ፣ ቀለል ለማድረግ እየሞከረ።

"ማንን?"

"ታቢታን። ሌላ የተሻለ አገኘሁ።"

አቶ ሙሉጌታ መነጽሩን አወለቀ። "ሸዋንግዛው፣ ዝርዝሩ ሄዷል። ጓድ ጉልላት ደግሞ የልጅቷን አባት ስም አይቶ 'እንዲህ ካለ ቤት እንኳ እንዲህ ያለች ወጣት እየወጣች ነው' ብሎ ተደስቷል። አሁን ብናወጣት ለምን ይባላል። ለምን ሲባል ምን እልልሃለሁ?"

ሸዋንግዛው በሩን ዘግቶ ወጣ።

ታቢታን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ዋርካው ሥር ጠራት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዩኒፎርሟ ጉልበቱ ላይ በሌላ ቀለም ክር የተጣፈ። ደብተሩን እጁ ላይ ስታይ ፈገግ አለች፤ ማርኳን ሊነግራት የጠራት መስሏት ነበር።

"ይህን ከእኔ ሌላ ማን አይቶታል?"

"ማንም ቲቸር።"

"አባትሽስ?"

"የቤት ሥራዬን አያይም።"

"እና ለምን ጻፍሽው፣ ታቢታ? ለምን?"

"ባዶ መስመር ዜሮ ነው ብለዋል እኮ።"

"ጥናት ብትዪውስ ምን ነበረበት?"

"አላጠናሁማ" አለች፣ ነገሩ ግራ እያጋባት። "እውነቱን ጻፉ ብለዋል።"

ሸዋንግዛው ዋርካውን ተደገፈ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለተማሪ ትእዛዝ ሲሰጥ ኖሯል፤ አንድም ተማሪ የሚለውን በሙሉ ፈጽሞለት አያውቅም። አሁን አንዷ ፈጸመች። ደብተሩ አርብ ጠረጴዛ ላይ እንደሚዘረጋና ማን እንደሚያነበው ሲነግራት የልጅቷ ከንፈር ነጣ። አንድ በአንድ የጻፈቻቸውን ሰዎች ስም በሹክሹክታ ጠራች፤ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ።

"አዲስ ደብተር እገዛልሻለሁ" አላት። "እንዳለ ገልብጪው። ረቡዕንና እሁድን ብቻ 'ልብስ ማጠብ፣ ሐይቅ ዳር፣ ብቻዬን' በዪ። አለቀ።"

ራሷን ነቀነቀች። "አልችልም ቲቸር።"

"አባትሽ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ።" ማልቀስ ጀምራለች። "አባቴ ሲይዙት ሁለት ቃል ዋሽተህ ውጣ ብለውት አልዋሸም። እኔ ለማርክ ብዬ ልዋሽ? ዜሮ ይስጡኝ። ከትምህርት ቤትም ያባርሩኝ።"

ተናደደ። ከልቡ ተናደደ። የሚያስተምረው ክፍል ይጠብቀዋል፣ ነገ ጥበቃ ተራው ነው፣ እዚህ ደግሞ አንዲት ልጅ ሰማይ ቤት የተጻፈላትን ማርክ ትቆጥራለች። ከዚያ ንዴቱ ራሱ ደከመውና ተወው።

"እሺ። እኔ እጽፈዋለሁ" አለ። "አንቺ አርብ ደብተሩ አጠገብ ትቆሚያለሽ፣ ሌላ ምንም የለብሽም። ይህን ደግሞ ከትምህርት በኋላ እሰጥሻለሁ፤ ለአባትሽ ስጪው፣ ያቃጥለው።"

"ከጠየቁኝስ?"

"ማንም አይጠይቅሽም። ዝም ማለት ትችያለሽ?"

"ዝም ማለት እችላለሁ" አለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘጠነኛ ክፍሎችን "ገጽ ሰባን አንብቡ" አላቸውና ካርታ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ፣ ደብተሩን ለልጅቷ ከመስጠቱ በፊት፣ የሳምንቱን ዝርዝር በቁራጭ ወረቀት ቀድቶት ነበር፤ አሁን በአዲሱ ደብተር፣ በክብ የልጃገረድ ፊደል፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ይጽፍ ጀመር። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ውሃ መቅዳት፣ ከቦኖ፣ ከገበያነሽ ጋር። አንድ ሰዓት ወንድሞቿን ማልበስ። ከትምህርት በኋላ እንሰት መፋቅ፣ ከእናቷ ጋር። አምስተኛ ክፍል ያለውን ወንድሟን ማስጠናት። ማኅበር። ልማት። እንጨት። አርባ ደቂቃ በኩራዝ ጥናት።

እየጻፈ ደመረ። ሰባት መምህር የሚሻማበት የልጅቷ ሳምንት ውስጥ ለቤት ሥራ የተረፈው ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር። ሌላም ነገር አየ። በሰባት ቀን ውስጥ ይህች ልጅ ሳትታዘዝ፣ ሳትሸከም፣ ቁጭ የምትልባቸው ሰዓቶች ረቡዕ ማታና እሁድ ጠዋት ብቻ ነበሩ። እሱም እነሱን ነው አሁን ሰርዞ ልብስ የሚያሳጥባት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ለምን እንደሆነ ሳያውቀው አሳዘነችው፤ ራሱንም አሳዘነው። ከዚያ ደግሞ አንስቶ ጨረሰው፤ ከሥሩም በቀይ "ታይቷል" ብሎ ፈረመ።

አርብ ቤተ መጻሕፍቱ ተጠርጓል፣ ጠረጴዛዎቹ ነጭ አንሶላ ለብሰዋል። የኬሚስትሪ ክበብ ሳሙና ሠርቷል፣ የእርሻ ክፍል ጎመን አምጥቷል። ታቢታ ደብተሯ አጠገብ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች። ጠዋት በር ላይ ሲያገኛት "አባቴ አቃጠለው" ብላዋለች። "አልተቆጣኝም። ዝም ብሎ አለቀሰ።"

ጓድ ጉልላት አራት ሰዓት ላይ መጣ። ካኪ የለበሰ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ ሰው ነው፤ እሱም ከእንቅልፍ ጋር የተጣላ ይመስላል። ሳሙናውን አሸተተ፣ ጎመኑን አደነቀ። ከታቢታ ደብተር ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ገጽ ገለጠ። ሌላ ገለጠ። እንደ መምህራኑ አልነበረም፤ ያነብባል። አራተኛውን ዓምድ በጣቱ እየተከተለ ከላይ እስከ ታች ወረደ።

"ይህ ነው ሳይንሳዊ ዘዴ!" አለ ጓድ ጉልላት በመጨረሻ ወደ አቶ ሙሉጌታ ዞሮ። "ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ሰውየው። በየቀበሌው ወጣቱ ሁሉ እንዲህ ቢጽፍ ስንት ነገር እናውቅ ነበር!" ከዚያ ወደ ታቢታ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። "ጎበዝ። ራስሽ ነሽ የጻፍሽው?"

ጥያቄ አልነበረም። እንግዳ ሁሉ ሕፃን ሲያገኝ የሚለው ነው፤ ልጅ ሁሉ "አዎ ጓድ" ይላል፣ እንግዳው ወደ ሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋል። ጓድ ጉልላትም እግሩን አንስቶ ነበር። ታቢታ ግን አልመለሰችም። ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝም ሰውየው እግሩን መለሰው።

"ራስሽ አይደለሽም እንዴ?"

ታቢታ ወለሉን አየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ "አይደለሁም" አለች።

"ታዲያ ማነው?"

"ቲቸር ሸዋንግዛው ናቸው።"

አቶ ሙሉጌታ መነጽሩን ማውለቅ ጀምሮ መሀል ላይ ተወው። ጓድ ጉልላት ቀስ ብሎ ወደ ሸዋንግዛው ዞረ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቦታ ለቋል።

"ጓድ መምህር፣ የተማሪ ደብተር የሚጽፉት ለምንድን ነው? የልጅቷስ የት ሄደ?"

በዚያች ቅጽበት ሸዋንግዛው በጣም የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ አገኘ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሰዎች ሲያደርጉት አይቷል፣ ራሱም ሁለቴ አድርጎታል። እጆቹን አጣምሮ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ግለ ሂሱን ጀመረ።

"ጥፋተኛ ነኝ፣ ጓድ። የልጅቷ ደብተር ላይ ላምባ ፈሰሰበት፣ ተበላሸ። ስሟ ተልኳል፤ ክፍሌ እንዲመሰገን ብዬ፣ ለግል ዝናዬ ስል፣ እንደገና ጻፍኩት። የተበላሸውን ጣልኩት። የንዑስ ከበርቴ ባሕርይ ነው ያሸነፈኝ።"

ጓድ ጉልላት ሰማው። ግለ ሂስ ደስ ይለዋል፤ ግን ሞኝ አልነበረም። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላል የአገራችን ሰው" አለና ወደ ታቢታ ተመለሰ። "አንቺ ልጅ እንደማትዋሺ አይቻለሁ። መምህርሽ ፊት ለፊት ቆሞ እያለ እንኳ አልዋሸሽም። እና አንቺን ልጠይቅሽ። የሚለው እውነት ነው? ደብተርሽ ላይ ላምባ ነው የፈሰሰው?"

ሸዋንግዛው ዓይኑን ጨፈነ። ታምሩን ከነግራ እጁ አየው። ጋሽ ደበሌን አየው፤ አግኝቶት አያውቅም፣ ግን አየው። ልጅቷ አሁን "አይደለም" ትላለች፤ ከዚያ "ምን ነበረበት?" ትባላለች፤ አሥራ አንዱም ስም በቃሏ አለ።

"አዎ" አለች ታቢታ።

ዓይኑን ገለጠ።

"ማክሰኞ ማታ ነው፤ ፊደሉን ላሳምረው ብዬ ለምኜ ቤት ወስጄው ነበር" ቀጠለች፤ ድምፅዋ መንቀጥቀጡን ትቷል። "ወንድሜን ሳስጠናው ጠረጴዛውን ገፋና ኩራዙ ተደፋ። ገጹ ሁሉ በላምባ ራሰ፤ ፊደሉ ከወዲያ ማዶ ያሳይ ነበር። እናቴ አመድ ነሰነሰችበት፤ አልሆነም። ደብተሩ እንዲያ እየሸተተ እንዴት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል ብዬ አለቀስኩ። ቲቸር ያን ጊዜ አዘኑልኝ።"

ጓድ ጉልላት በረጅሙ ተነፈሰና ሳቀ። "አየህ ጓድ ሙሉጌታ? ከመምህሩ ተማሪዋ ትሻላለች!" ለሸዋንግዛው እዚያው ፈረደለት፦ ግለ ሂሱን በጽሑፍ ያቀርባል፣ ከአሥራ አንደኛ ለ ክፍል ኃላፊነቱ ይነሳል፣ የቤት ሥራ ፕሮግራሙንም ሌላ ሰው ያወጣዋል። ፕሮግራሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣ፤ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የቤት ሥራ ይላል፤ ሁለቱ ሰዓት ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ የለም። ለታቢታ ደግሞ ጓድ ጉልላት ከደረት ኪሱ ብልጭ የሚል እስክሪብቶ አውጥቶ "ለሐቀኛዋ ተማሪ" ብሎ ሰጣት፤ ቤተ መጻሕፍቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሸዋንግዛውም አጨበጨበ።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ሸዋንግዛው ከሜዳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ዳነ፤ ዳኑ። ቅጣቱ ለሱ ቅጣት አልነበረም፤ አንድ ሥራ ቀነሰለት እንጂ። ደስ ሊለው ሲገባ ደስታው አልመጣ አለው፤ ምን እንደሚያቆመው ሲፈልግ ታቢታ መጥታ ፊቱ ቆመች።

"ቲቸር።"

"ደህና ነሽ?"

"ዋሸሁ እኮ።"

"አውቃለሁ" አለ። "አሥራ አንድ ሰው አትርፈሻል። በሕይወትሽ እንደዚህ ያለ ነገር…"

አልሰማችውም። እስክሪብቶውን በጣቶቿ እያገላበጠች ታየዋለች። ፊቷ ላይ እንባ የለም፣ ፍርሃትም የለም፤ አዲስ የሒሳብ ዘዴ የገባት ተማሪ የሚታይባት መገረም ብቻ አለ።

"አመዱን ሁሉ እኮ አላሰብኩትም፤ ዝም ብሎ መጣ" አለች። "በጣም ከባድ ይመስለኝ ነበር ቲቸር። ቀላል ነው ለካ።"

ሸዋንግዛው ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ከትናንት ወዲያ ዋርካው ሥር ዜሮ ይስጡኝ ብላ ያለቀሰችውን ልጅ ፈለጋት፣ አጣት፤ እንደዚያ ቀን አዝኖ አያውቅም። የከሰዓቱ ፈረቃ ደወል ተደወለ፤ ታቢታ እጅ ነስታው ሄደች፤ እሱም ዘጠነኛ ክፍሎች ስለሚጠብቁት ተነሳ።